ሲጫኑት የሚሰምጥ ውበት

በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ አምሮብኝ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ሆሳዕና በሙሉ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ስገባ፣ ከቤቴ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው መንገድ የምስጋና መንገድ ሆነልኝ። ባለሱቋ “ውይ ስታምሪ!” ትለኛለች። የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ አይቶኝ “ቲቸር፣ ተመችቶሻል” ይለኛል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ከበውኝ ጉንጬን እየነኩ “ጌታ እንዴት አድርጎ ሞላሽ!” ይላሉ። የሞላሁት ውኃ መሆኑን ለእነሱም ለእኔም የነገረን አልነበረም።

ፊቴ አብጦ ዓይኔ ጠቧል። የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ ብሎኝ በሳሙና ነው የተገላገልኩት። ጫማዬ አልገባ ሲለኝ ደግሞ ባለቤቴ መፍትሔ አገኘ፤ የራሱን ነጠላ ጫማ ሰጠኝ። ሰውዬው መሐንዲስ ነው። አንድ ግድግዳ እንዲህ አብጦ ቢያይ ያን ቀን ሥራ ያስቆም ነበር። ሚስቱ ስታብጥ ግን ነጠላ ጫማውን አበርክቶ፣ ግንባሬን ስሞ ወደ ሳይቱ ሄደ። እኔም በባሌ ነጠላ ጫማ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ወንዞች ለምን ሞልተው እንደሚፈስሱ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ።

አማቴ ከከምባታ ምድር፣ ከዳምቦያ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ስማቸውን አልጽፍም። በአገራቸው ልማድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በዚህ አንድ ነገር እንኳ ጥሩ ምራት ልሁን። እሳቸው የሚናገሩት ከምባትኛ፣ እኔ የማውቀው ሐድይኛ ስለሆነ የምንግባባው በአማርኛ ነው። የምንጣላውም በአማርኛ ነው። ውጭ ሆኖ የሚሰማን ሰው መንግሥት ቤት ጉዳይ የምናስፈጽም ይመስለዋል።

የመጡት ሊያበሉኝ ነበር። ምራት ስትከብድ ከባልዋ ወገን እናት ትመጣለች፤ የምራቷ ሰውነት ደግሞ የአማቲቱ ሥራ መታያ ነው። ከስታ ከታየች አማት ታፍራለች፤ ሞልታ ከታየች አማት ትመሰገናለች። አማቴ ቅቤና ቡላ በጀሪካንና በጆንያ አስጭነው ሲወርዱ አይተውኝ በሩ ላይ ቆሙ። ገና አንድ ማንኪያ ሳያጎርሱኝ ሥራቸው ተጠናቆ አገኙት። ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሴት እንግዳ ቤታችን በመጣች ቁጥር እኔን ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል፤ ቀሚሴን ከፍ አድርገው ቅልጥሜ ላይ አውራ ጣታቸውን ጫን ያደርጋሉ። ጥቂት ቆይተው ሲያነሡት ጣታቸው የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። ልክ የቦካ ሊጥ ላይ እንደሚቀረው ማለት ነው። “አያችሁ?” ይላሉ ዙሪያውን እያዩ፣ “ሞልታለች!” እንግዶቹም በየተራ እየጫኑ ያረጋግጣሉ፤ “ተባረኪ፣ እንዲህ ነው አማት” ይሏቸዋል። ያን ሰሞን ቅልጥሜን ያልተጫነች የሰፈራችን ሴት ካለች፣ ወይ ታማለች ወይ ፎንቆ ከተማ ዘመድ ዘንድ ሄዳለች።

ራስ ምታቱ የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ “ሥራ በዝቶብሽ ነው” አለ። የጸሎት ጓደኞቼ “የጠላት ሥራ ነው” ብለው እጃቸውን ጫኑብኝ። አማቴ “ምግብ አንሶሽ ነው” ብለው የቡላ ገንፎው ላይ ያለውን ቅቤ እጥፍ አደረጉት። ሁሉም ሰው የየራሱን ሙያ አዋጣ። እኔም ለእያንዳንዳቸው “አሜን” እያልኩ ዋልኩ፤ ቀጠሮዬ ገና ነበርና ሐኪም ዘንድ መሄድ ለማንም ትዝ አላለውም።

አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ካርታ ዘርግቼ ሳስረዳ ኦሞ ወንዝ ሁለት ሆነብኝ። ከዚያ ካርታው ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ማየት ጀመርኩ። ያየሁትን ለባልደረባዬ ስነግራት ወዲያው ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። አማቴ ወሬውን ሰምተው ሳህን በፎጣ ጠቅልለው ደረሱ። እኔ ልሞት እንደምችል አላወቁም። የፈሩት ምሳ እንዳያልፈኝ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ግፊቴን ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ በሌላው ክንዴ ለካ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀሚሴን ከፍ አደረገና አውራ ጣቱን ቅልጥሜ ላይ ጫነ። አማቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በመጨረሻ የተማረ ሰው ሥራቸውን ሊመሰክር ነው። ጣቱን ሲያነሣ ጉድጓዱ እንደ ወትሮው ቀረ።

“አየህ ልጄ?” አሉት፣ “እኔ ነኝ ያበላኋት።”

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያቸው። ዕድሜውን ሙሉ ለብዙ ጥያቄ መልስ ሲያጠና ኖሯል፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም ነበር። “እናቴ፣ ይኼ እኮ በሽታ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ግፊቷ በጣም ወጥቷል። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ። አሁኑኑ ካላዋለድናት እሷንም ልጁንም ልናጣ እንችላለን።”

አማቴ ሳህኑን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

መርፌው ገላዬን ሲያቃጥለኝ፣ ሰው ከበላዬ ሲጣደፍ፣ ባለቤቴ በሲሚንቶ በተበከለ ሱሪው በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አስታውሳለሁ። ልጄ ጊዜዋ ሳይደርስ ተወለደች፤ እንደ ዳቦ በአንድ እጅ የምትያዝ ነበረች። ሁለታችንም ተረፍን። ፈርቼ ነበር፤ እስካሁን ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። የበሽታውን ስም የተማርኩት ከበሽታው ከዳንኩ በኋላ ነው፤ ፕሪኢክላምፕሲያ። ተማሪዎቼ አንድ ቃል ሲከብዳቸው የምቆጣው ሴትዮ፣ ይህን ቃል ለመጥራት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ “አለፈ” የሚሉኝ መጡ። ወለድሽ፣ አለፈ። ተገላገልሽ፣ አለፈ። አማቴም የአራስ ገንፎውን እያገነፉ “አለፈ” አሉ። አለፈ የተባለው ግፊቴ ግን የልጄ ክትባት ሲደርስም እዚያው ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ፤ አማቴም ሕፃኗን አዝለው ተከተሉኝ።

“ታዲያ ስወልድ ይሄዳል አላልከኝም?” አልኩት።

“ዋናው መነሻ የእንግዴ ልጁ ነው፤ እሱ ወጥቷል” አለ። “ግን ሌላም ነገር አለ። ሰውነታችን ከውጭ የሚገባ ጠላት የሚይዙ ጥበቃዎች አሉት፤ አንቲቦዲ እንላቸዋለን። አንዳንዴ ይሳሳቱና የቤቱን ሰው ይይዛሉ። ይህ ሕመም ባገኛቸው ብዙ ሴቶች ደም ውስጥ እንደነዚህ ዓይነቶቹ ተገኝተዋል። የደም ሥር ‘ጠበብ በል’ የሚል ትእዛዝ የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ እነሱ እዚያ ላይ ተጣብቀው ያለ ማቋረጥ ያዙታል። የደም ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ የውስጥ ሽፋኑም ይጎዳል።”

“ከወለድኩ በኋላም?”

“በአንዳንድ ሴቶች ላይ ከወለዱ በኋላም ቆይተው ተገኝተዋል። ምን ያህል እንደሚጎዱ ምርምሩ አላለቀም። እርግጡ ነገር፣ ይህ ሕመም ያገኛት ሴት ልቧንና የደም ሥሯን ዕድሜ ልኳን መከታተል አለባት።”

“እንግዲያው መርምርልኝ፤ አሉ የሉም እንወቅ።”

“እነሱን የሚለካ ምርመራ ለተመራማሪዎች እንጂ ለታካሚ ገና አልደረሰም” አለ። “ግፊትሽን ግን መለካት እንችላለን።”

ዕድሌ ነው። ተከሳሾቹ ደሜ ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ ስማቸው ይታወቃል፤ መጥሪያ የሚያደርስላቸው ግን የለም። ስለ እነሱ ሳስብ ወደ አእምሮዬ የመጣልኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። ርዕሰ መምህሩን በየጠዋቱ መታወቂያ ይጠይቃል፤ የቤተ ሙከራውን ወንበሮች በጋሪ ጭነው የወጡትን ሌቦች ግን በሩን ከፍቶ ሰላምታ ሰጥቶ ሸኝቷል። እሱን በሺህ አባዝቼ ደሜ ውስጥ አሰማራሁት። ለአማቴም ወደ ቤት ስንመለስ የገለጽኩላቸው በዚህ መንገድ ነው። “ዘበኛው ባለቤቷን ያዘ በይኛ” አሉና ሕፃኗን አስተካክለው አዘሉ።

ዘመዶቻችን ግን ምርምሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም። የባሌ ወገኖች ዱራሜ ላይ ተሰብስበው የሐድያ ደምና የከምባታ ደም እንዳልተስማሙ ደረሱበት። የእኔ ወገኖች ደግሞ ጥፋተኛው የዳምቦያ ቅቤ መሆኑን ያለ ላቦራቶሪ አረጋገጡ። ሁለቱ ወገኖች ለዘመናት ተጋብተው ሲዋለዱ የኖሩ መሆናቸው የማንንም ድምዳሜ አላናጋም። ሐኪሙን ስጠይቀው ቅቤውም ደሙም ነጻ ናቸው አለኝ። ይህን ይዤ ስመለስ ግን ሁለቱም ወገኖች “ሐኪም ምን ያውቃል” በሚለው ተስማሙ። የተስማሙበት ሌላ ጉዳይ ትዝ አይለኝም።

እኔም ክኒን የምትውጥ ወጣት ሴት ሆኜ ቀረሁ። ሰው ክኒኔን ሲያይ ያዝንልኛል፤ ከዚያ ይመክረኛል። ነጭ ሽንኩርት ብዪ፣ ተልባ ጠጪ፣ ሽፈራው ቀቅዪ፣ ሐሳብ አታብዢ። ሐሳብ አታብዢ የሚሉኝ እነዚያው ሰዎች በዚያው አፋቸው “ልጅቷ ወንድም አያስፈልጋትም?” ይሉኛል። ስቄ አልፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለተኛ ልጅ የምፈልገው እነሱ ስለጠየቁ አልነበረም፤ እኔው ራሴ ስለፈለግሁ ነው። ከሐኪሙ ጋር መክረን፣ ክኒኑ ተቀይሮ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረገዝኩ። ሐኪሙ ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ የምውጣት ትንሽ አስፕሪን አዘዘልኝ። “ድጋሚ ሊመጣ ይችላል፤ ግን አሁን እያየነው ነው” አለኝ።

እያየነው ነው የሚለው ቃል ቀን ያጽናናኝ ነበር። ማታ ልጄን ሳስተኛት ግን እያየኋት አለቅስ ነበር። ብሞት እሷን ማን እንደሚያሳድጋት አውቃለሁ፤ በቅቤ ያሳድጓታል።

የፈራሁት ግን ቅቤውን አልነበረም። የፈራሁት ያን አውራ ጣት ነው። እንደገና ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እያበጥኩ እየተመሰገንኩ፣ እየተመረቅሁ መሞትን ነው የፈራሁት። ስለዚህ አማቴ ጋ ደወልኩና “እማዬ፣ ዘንድሮ አይምጡ” አልኳቸው። “ምግቤ ነው የጎዳሽ?” አሉኝ። አይደለም ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ፤ ኔትወርኩ ይሁን እሳቸው አላወቅሁም። ባለቤቴ “እናቴን አስቀየምሻት” ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ግድግዳ ካልሆነ የሚገባው ነገር የለም።

በመጨረሻ ራሴ ዳምቦያ ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ ውስጥ በዶሮና በድንች ጆንያ መሐል ተጨናንቄ ደረስኩ። አማቴ ከገበያ ተመልሰው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳሙኝ፤ ግን ወትሮ እንደሚያደርጉት እግሬን አላዩትም። ውኃ ሰጡኝ፤ ምግብ አላቀረቡም። በእሳቸው ቤት ይህ ትልቅ ጸብ ነው።

ከቦርሳዬ ግፊት መለኪያውን አወጣሁ። ሐኪሙ ቤት ውስጥ እንድለካ ነግሮኝ የገዛሁት ነው፤ የሄድኩበት ሁሉ ይዤው እሄዳለሁ።

“ይኼ ምንድን ነው?” አሉ።

“ዘበኞቹ ምን እየሠሩ እንደዋሉ የሚናገር ነው።”

ክንዴ ላይ ጠቅልዬ ለካሁ፤ ደህና ነበርኩ። እሳቸው ማሽኑ ሲነፋና ሲተነፍስ በትኩረት አዩና፣ ሳልጠይቃቸው ነጠላቸውን ገፍተው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ፤ ወጣ፤ አልቆም አለ። የላይኛው ሁለት መቶ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። እንደገና ለካሁ፤ ያው ነው።

“እማዬ፣ ራስዎን ያምዎታል?”

“ራሱን የማያመው ሰው አለ እንዴ?” አሉ።

ሆሳዕና አብረን ሄደን መታየት እንዳለባቸው ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስልም፤ ክንዳቸው ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ነበር የሚያዩት። ቆይተው “ከባልሽ በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ” አሉ።

አላውቅም ነበር። ባለቤቴም አያውቅም።

“እሱን ሳረግዝ እንዴት አምሮብኝ ነበር መሰለሽ። ልክ እንዳንቺ። ፊቴ ሞልቶ፣ እግሬ ሞልቶ። አማቴ እግሬን እየተጫነች ለሰው ታሳይ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይመርቀኛል። ከዚያ ራሴን አመመኝ፤ ወደቅሁ፤ ተንቀጠቀጥሁ አሉኝ፤ እኔ አላስታውስም። ስነቃ ልጁን ቀብረውታል።” ጨርቁን በጣታቸው ነካ አደረጉት። “ዓይን በላው አሉ። አምሮባት ስለነበር ዓይን በላው አሉ። በሌሎቹ ልጆች ያን ያህል አላማረብኝም፤ አማቴ አፈረችብኝ። እኔ እንጃ፣ እኔ በዚህ ቤት ሰው አመሰገነኝ የምለው የዚያን ጊዜ ብቻ ነው።”

ዓይናቸውን ወደ እኔ አነሡ። “ዘበኞቹ እኔም ጋ ነበሩ እንዴ?”

“ሊሆን ይችላል፣ እማዬ። አሁን ማወቅ አይቻልም” አልኳቸው፤ እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ተነሥተው ገቡና ምግብ አቀረቡልኝ፤ ቅቤውን ለብቻው በስኒ አድርገው።

ከእኔ ጋር በዚያው ሚኒባስ ሆሳዕና መጡ፤ ሐኪሙ አያቸው፤ ክኒን ጀመሩ፤ እኛው ዘንድም ቀሩ። ሁለተኛው ልጄ ዛሬ ሶፋችን ላይ እየዘለለ ስለሚያስቸግረኝ መጨረሻውን ደብቄ ሰው አላስጨንቅም፤ ጊዜው ደርሶ በደህና ተወለደ። ግፊቴ ግን እስካሁን አለ። እኔና አማቴ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ተቀምጠን ክኒናችንን እንውጣለን፤ ከእኛ የሚበልጥ ጓደኝነት በሰፈሩ የለም።

የማልረሳው ግን ከመውለዴ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነውን ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ፊቴ እንደ ወትሮው ፊት ነው፤ ጫማዬም የራሴ ነው። ገና ቁጭ ከማለታቸው አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። “ምነው ከሳሽ?” አለችኝ፤ ወደ አማቴ ዞራም “ዘንድሮ ደግሞ አያበሏትም እንዴ?” አለች። ሌሎቹ ተያዩ። በእኛ አገር ለአማት ከዚህ የከፋ ነገር በሰው ፊት አይነገራትም።

አማቴ መጥተው ፊቴ ተንበረከኩ። ቀሚሴን ከፍ አደረጉና ሴቶቹ ሁሉ እያዩ አውራ ጣታቸውን ቅልጥሜ ላይ ጫኑ። እንደ ድሮው ጥቂት ቆዩ። ሲያነሡት ቆዳዬ ተመልሶ ሞላ፤ ምንም ጉድጓድ አልቀረም። እርግጠኛ ለመሆን ሌላውንም እግሬን ተጫኑ።

“አያችሁ?” አሉ፣ ጉልበቴን ይዘው እየተነሡ። “ምንም አላማረባትም። ጌታ ይመስገን።”